በእኔ አፍ

አይናለም ያን ወረቀት ባየች ቁጥር መቅደድ ያምራታል። በፕላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ አይቀደድላትም እንጂ እስከ ዛሬ ስንቱን ብጭቅጭቁን ባወጣችው። ስድስት ክብ ፊቶች በአንድ መስመር ተደርድረውበታል። በግራ ጫፍ ያለው ይስቃል፣ ቀጥሎ ያለው ፈገግ ይላል፣ እንዲያ እያለ ይሄድና በቀኝ ጫፍ ያለው እንባውን ያወርዳል። ከሥራቸው ከዜሮ እስከ አስር ቁጥር ተጽፏል። ላስ ቬጋስ ውስጥ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞረች አማርኛ ማስተርጎም ከጀመረች አምስት ዓመቷ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ አንድም የአገሯ ሽማግሌ የሚያለቅሰውን ፊት ሲመርጥ አላየችም። ዳሌአቸው የተሰበረ አንዲት እናት እንኳ ፈገግ የሚለውን ነበር የመረጡት።

ዛሬም ያው ነው። አቶ ወልደሥላሴ የድንገተኛ ክፍል አልጋ ላይ ደገፍ ብለው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ ስድስቱንም ፊቶች በየተራ መረመሩ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። በመጨረሻ የሚስቀውን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ይኼኛው ደግ ሰው ይመስላል» አሉ። «እሱ ይሁን።»

ነርሷ ኬሊ ሳቀች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ችግሩም እሱ ነው፣ ክፉ ብትሆን ለመናደድ ይቀል ነበር። «ቁጥሩንም ይንገሩኝ፤ ሕመምዎ ከዜሮ እስከ አስር ስንት ነው?» አለች፣ ጣቶቿን ኮምፒውተሩ ላይ አዘጋጅታ።

አይናለም አስተረጎመች። ሽማግሌው ፊታቸው በራ።

«ማርክ ነው የምትለው? እኔ እኮ ደሴ ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን አስር ከአስር ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ዘጠኝ ተኩል ድረስ እሄዳለሁ፤ አስር ከሰጠኸው ተማሪ ይጠግባል።» ትንሽ አሰቡ። «ለዚህስ… ተመስገን ነው፣ ምንም አልልም። አንድ ይበቃዋል።»

«ተመስገን፣ ምንም አልልም፣ አንድ ይበቃዋል» አለች አይናለም በእንግሊዝኛ። አስተርጓሚ «እሳቸው እንዲህ ይላሉ» አይልም፤ ሕመምተኛው «እኔ» ካለ እሷም «እኔ» ትላለች። ደንቡ ነው። አትጨምር፣ አትቀንስ፣ አታስረዳ፤ አፍህን አከራይና ተቀመጥ። ኬሊም «1» ብላ ጻፈችና ሄደች።

ይኼን ደንብ አይናለም ድሮ ትወደው ነበር። ዲቪ ደርሷት ከአዲስ አበባ እንደመጣች አራት ዓመት የካዚኖ ሆቴል ክፍል ስታጸዳ ኖራ፣ ወገቧ አልችልም ሲላት ኮርስ ወስዳ የያዘችው ሥራ ነው። አጥርታ ስታስተረጉም ያኮራት ነበር። ያን ኩራት የወሰደችባት ታየች የምትባል ሴትዮ ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሌላ ሆስፒታል ውስጥ፣ ታየች ትንፋሽ እያጠራት መጥታ ለሐኪሙ «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ድካም ነው፣ ተመስገን» አለች። አይናለምም ቃል በቃል፣ ጥርት ባለ እንግሊዝኛ፣ «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ድካም ነው» አለች። ሐኪሙ እንግሊዝኛዋን አደነቀላት። ታየች ወደ ቤቷ ተላከች። በአምስተኛው ቀን እሑድ አይናለም ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የታየችን ፎቶ ከኀዘን ማስታወቂያ ጋር በር ላይ ተለጥፎ አየችው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ከጆሮዋ አይወጣም፤ ሐኪሙ የሰማው «ደህና ነኝ» የማን ድምፅ ነበር? የታየች አይደለም። የራሷ የአይናለም ነው።

ስለዚህ አሁን ዓይኗን ከሽማግሌው አላነሳችም። አቶ ወልደሥላሴ ቀኝ እግራቸውን አጥፈው ይዘዋል። ቅድም ኬሊ ብርድ ልብሱን ልታስተካክል እግራቸውን ስትነካቸው ቀስ አድርገው ዘረጉት፣ እሷ ዞር ስትል ደግሞ መልሰው አጠፉት። የክፍሉ የኤሲ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ እሳቸው ግን ከላይኛው ከንፈራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ግራ እጃቸው የአልጋውን ብረት ጨብጧል። «ተመስገን» ሲሉም ድምፃቸው ከጉሮሮ አያልፍም። አይናለም ይኼን «ተመስገን» ታውቀዋለች። አሳምራ ታውቀዋለች።

ያመጣቻቸው የልጅ ልጃቸው ሀሌታ ናት። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የጀመረች የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነች። ጠዋት ሎን ማውንቴን ሰፈር ካለው ቤታቸው ደጃፍ፣ ፖስታ ሊያወጡ ሄደው ሳጥኑን ተደግፈው ሲንሸራተቱ አይታ በመኪናዋ ይዛቸው በረረች። አባቷ በቀለ ደብል ሺፍት ላይ ስለነበረ ስልኩን አላነሳም። የውጪው ሙቀት ከመቶ አስር ፋራናይት በላይ ነው፣ ያዞረው ሽማግሌ ሁሉ በዚህ ሰሞን የሚመጣው በሙቀት ነው። ስለዚህ ሙቀት ነው ተባለ፣ ግሉኮስ ተተከለላቸው፣ ግሉኮሱም እያለቀ ነው።

ሐኪሙ መጋረጃውን ገልጦ ገባ። ዶክተር ሃርላን ይባላል፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«የውኃ ማነስ ነው። የደም ምርመራው ትንሽ ከፍ ያለ ነገር አለው፣ ግን ሙቀቱም ያደርገዋል። የሚያምዎት ቦታ አለ?»

«ኧረ ምንም! በጣም ተንከባክባችሁኛል። ዶክተሩን እግዜር ይስጥህ በይልኝ።»

አይናለም ሁሉንም አስተረጎመች። ከዚያ ጥርሷን ነክሳ፣ «አስተርጓሚዋ ማብራሪያ መስጠት ትፈልጋለች» አለች። ስለ ራሷ እንደ ሌላ ሰው ማውራትም ደንብ ነው፤ ሁሌም ያቃጥላታል። «እኚህ ሰው ባደጉበት ባህል ሕመምን ለእንግዳ ሰው በቀጥታ አይናገሩትም። መጀመሪያ ማመስገን ይቀድማል። እግራቸውን…»

«ይገባኛል» አለ ሐኪሙ፣ ሰዓቱን እያየ። «ግን እሳቸው ያላሉትን መጻፍ አልችልም። አንቺም ያላሉትን ልትነግሪኝ አትችይም። አመመኝ ካሉ ቀኑን ሙሉ እዚህ አለሁ። ካላሉ ውጪ አርባ ሰው ይጠብቀኛል። የመውጫ ወረቀት አዘጋጁላቸው።»

ትክክል ነው። ይኼ ነው ደሟን ያፈላው፤ ሰውየው ትክክል ነው። አይናለም ኮሪደር ወጣች። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ መታጠብ ማስታወቂያ ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሀሌታ ተከትላት ወጣች።

«ሰማሁሽ ለዶክተሩ ያልሽውን» አለች ልጅቷ። «አሞታል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንቺ አይደለሽ አብረሽው የምትኖሪው?»

«አስክ አደረግኩት እኮ! ፎር ዴይስ ሆኖታል ምግብ አይበላም። "አባባ ኦኬ ነህ?" አልኩት። "ደህና ነኝ የኔ እናት" አለኝ። እና ደህና ነው ብዬ አሰብኩ። ምን ላድርግ?» የልጅቷ ዓይን እንባ ሞላ፣ ግን ንዴት ነው። «ሁላችሁም እንደዚህ ናችሁ! ማሚም፣ ዳዲም። በላህ? በላሁ፤ አልበላም። ደከመሽ? አልደከመኝም፤ ሞታለች። ለምን ትሩዙን አትናገሩም? የእናንተ ላንጉጅ ሁሉ ውሸት ነው!»

አይናለም እጇ ተነሳ። በርግጥ አልመታቻትም፣ ግን እጇ ተነስቶ እንደነበር ሁለቱም አይተዋል። መልሳ ኪሷ ከተተችው።

«ስንቴ ጠየቅሽው?»

«ምን ማለት ነው ስንቴ? አንዴ ነዋ። ሰው አንዴ ነው የሚጠየቀው።»

አዎ፣ እዚህ ሰው አንዴ ነው የሚጠየቀው። ኬሊ አንዴ ትጠይቃለች፣ ትጽፋለች፣ ትሄዳለች። እሳቸው ባደጉበት አገር ግን የመጀመሪያው «ደህና ነኝ» ስለ ሰውነት የሚናገረው አንዳች ነገር የለም። እሱ ለመንገደኛም ለጎረቤትም የሚሰጥ ነው። ሁለተኛውም እንደዚያው። የእውነት ማወቅ የፈለገ ሰው ነው ሦስተኛ የሚጠይቀው፤ ቁጭ ብሎ፣ ልጆቹንም እንቅልፉንም ጠይቆ፣ ዞሮ ተመልሶ «ኧረ እንዴት ነዎት ግን?» የሚለው። ያኔ ሰው በረጅሙ ይተነፍሳል። በሽታ የሚወራው ከዚያ በኋላ ነው። ይቺ ልጅ አማርኛውን ከቤት፣ ጥያቄውን ከትምህርት ቤት አመጣችው። «ደህና ነኝ» ስትባል በአማርኛ ሰምታ በእንግሊዝኛ አመነች። ማን አስተማራት? ማንም። እቤቷ ውስጥ ሁሉም ሰው ያውቃል ብሎ ያሰበውን ነገር ማን ቁጭ ብሎ ያስተምራል?

ይኼን ሁሉ ለልጅቷ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረቻት፤ በቁጣ፣ እየተጣደፈች። ልጅቷ አፏን ከፍታ ሰማቻት።

«ዛት ኢዝ ክሬዚ» አለች ቀስ ብላ። «ሦስቴ?»

«ሦስቴ። አንዳንዴም አራት።»

ሲመለሱ ኬሊ የመውጫ ወረቀቱን ይዛ ቆማለች፣ የግሉኮሱም መርፌ ተነቅሏል። አይናለም ወንበር ጎትታ ከአልጋው ፊት ለፊት፣ ከሽማግሌው ጉልበት አጠገብ ተቀመጠች። አስተርጓሚ የሚቀመጠው ከጎን ወደ ኋላ ብሎ ነው፣ ፊት ለፊት አይቀመጥም። ኬሊ ግንባሯን ቋጠረች።

«አባቴ፣ እንዴት ዋሉ?»

«ደህና ዋልኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንቺስ ልጄ?»

«ይመስገን። ቤተሰብ ደህና ነው? አቶ በቀለ ደህና ናቸው?»

«ሁሉም ደህና ናቸው፣ ይመስገን።»

«ምንድን ነው የምትባባሉት?» አለች ኬሊ። «ሰላምታ ነው» አለቻት አይናለምና ቀጠለች። እንቅልፍ እንዴት ነው? ደህና ነው። ምግብስ? ተመስገን። አገሩ ተስማማዎት? እጅግ በጣም። እርስዎስ እንዴት ነዎት ግን? ደህና ነኝ። ኧረ የእውነት፣ እንዴት ነዎት? ሽማግሌው አንዴ ወደ ልጅ ልጃቸው፣ አንዴ ወረቀት ይዛ ወደቆመችው ነርስ ተመለከቱ። አይናለም ልክ በዚያች ቅጽበት እውነቱ ከንፈራቸው ድረስ መጥቶ ሲመለስ አየችው።

«ደህና ነኝ፣ የኔ ልጅ። ምንም አልል። እንሂድ» አሉና ለመነሳት አልጋውን ተደገፉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ፈገግ አሉ።

አይናለም ከዚያ በኋላ ያደረገችውን አስባ አላደረገችውም። ተነሳችና ጮኸች። በሕይወቷ ሽማግሌ ላይ ጮኻ አታውቅም።

«ይበቃል! በማን አፍ ነው የሚዋሹት? በእኔ አፍ እኮ ነው! "ደህና ነኝ" ብዬ የምናገረው እኔ ነኝ! እርስዎ ነገ ይሞታሉ፣ "ደህና ነኝ" ያልኩት እኔ ግን እኖራለሁ! ጨዋነትዎን እኔ ላይ አያራግፉብኝ፣ ሞቼልዎታለሁ! አንዴ ተደርጎብኛል፣ ሁለተኛ አይደረግብኝም!»

ሀሌታ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። አቶ ወልደሥላሴ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ፈገግታው ከፊታቸው ጠፋ፣ በቦታው ሠላሳ አራት ዓመት አርባ አርባ ተማሪ ያስተዳደረው ሰውዬ ብቅ አለ።

«ድምፅሽን ቀንሺ!» አሉ። «ማንን ነው የምትቆጪው አንቺ? እኔን ነው ውሸታም የምትይኝ? ታዲያ ምን ልበል? ልጄ ሌት ተቀን ይሠራል፣ ይቺ ልጅ ትምህርቷን ትታ እዚህ ቆማለች። በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ አመመኝ እያልኩ ቤታቸውን ለቅሶ ቤት ላድርገው? አራት ቀኔ ነው! ሦስት ሌሊት እዚህ ጋ» ቀኝ ጎናቸውን በመዳፋቸው ያዙት፣ «እዚህ ጋ ሲገዘግዘኝ ልጆቹ እንዳይሰሙ ትራስ ነክሼ ነው ያደርኩት። ትናንት ማታ ድንገት ለቀቀኝ። ዳንኩ ብዬ አመሰገንኩ። ዛሬ ጠዋት ግን ሆዴን በሙሉ… በእግሬ መቆም አቃተኝ። እሺ፣ ይኸው ተናገርኩ! ደስ አለሽ?»

አይናለም እየሰማች ታስተረጉም ነበር። ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፣ ቃሉ ግን አይዘልም። «ሦስት ሌሊት ትራስ ነክሼ ነው ያደርኩት» ትላለች በእንግሊዝኛ፣ እንባዋ በአፍንጫዋ ጎን እየወረደ። «ድንገት ለቀቀኝ። ዳንኩ ብዬ አመሰገንኩ።» ሲጨርሱ «ከዚህ በፊት አስተርጓሚዋ ሕመምተኛው ላይ ጮኻለች» አለችና የጮኸችውንም አንድ ሳታስቀር ተረጎመችው። ደንብ ደንብ ነው።

ዶክተር ሃርላን ጩኸቱን ሰምቶ መጥቶ መጋረጃው ስር ቆሟል። «ድንገት ለቀቀኝ» የሚለውን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ጓንት አጠለቀና የሽማግሌውን ሆድ ነካ። እንደ ጣውላ ደርቋል። ገና ሲነካቸው አቶ ወልደሥላሴ ከአልጋው ሊነሱ ምንም አልቀራቸውም።

«አሁን ከአስር ስንት ነው?» አለ ሐኪሙ፣ በዝግታ።

ሽማግሌው ያን ወረቀት ፈለጉ፣ ኬሊ አቀበለቻቸው። ግን ፊቶቹን አላዩም። ቁጥሮቹን ብቻ ነው ያዩት፣ ለብዙ ጊዜ፣ የፈተና ወረቀት እንደሚያርም ሰው።

«አስር» አሉ። «አስር ከአስር። ጻፍ።»

የፈነዳ ትርፍ አንጀት ነው። ምስሉ ሲነሳ ታየ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቀዶ ጥገና ክፍል ገቡ።

አይናለም ሰዓቷ ቢያልቅም አልሄደችም። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ እንደተቀመጠች ከምትሠራበት የአስተርጓሚ ድርጅት ተደወለላት። ቅሬታ ቀርቦባታል።

«ታካሚው ላይ ድምፅሽን ከፍ አድርገሻል?» አለች አስተባባሪዋ።

«ነገሩ እንዴት መሰለሽ…»

«ፎርሙ አዎ ወይም አይደለም ነው የሚለው።»

«አዎ» አለች አይናለም። እስኪጣራ ድረስ ወደዚህ ሆስፒታል እንዳትመጣ፣ ሌላ ምድብም እንደማይሰጣት ተነገራት። ስልኩን ዘጋችው። አላዘነችም። ንዴቱ ነው አሁንም ያልበረደላት፤ በፎርሙ፣ በሐኪሙ፣ ትራስ በነከሱት ሽማግሌ፣ ከሁሉም ከሁሉም ደግሞ ሦስቴ ካልተጠየቀ በማይከፈተው የገዛ አፏ ቋንቋ። ያን ቋንቋ ግን ሰው ሲሰድበው መስማት አትችልም። ይኼም ያናድዳታል።

ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሐኪሟ ወጥታ ሀሌታን አነጋገረቻት። ተጸድቶላቸዋል፣ ብዙ ቀን ይተኛሉ፣ ግን ይተርፋሉ። ዛሬ ቤት ቢመለሱ ኖሮ ነገን አያዩም ነበር። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች፣ ለአባቷ ደወለች፣ ከዚያ ከማሽኑ ውኃ አውጥታ መጣችና አይናለም ፊት ቆመች።

«ኦኬ ነሽ?»

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አለች አይናለም። ከአፏ እንዴት እንደወጣ አታውቅም።

ሀሌታ ራሷን ነቀነቀች። ውኃውን ሰጠቻትና ሄደች። ሦስት እርምጃ ያህል ከሄደች በኋላ ቆመች።

ተመለሰች።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ አልኩሽ እኮ! አያትሽ ጋ ሂጂ።»

ልጅቷ አልሄደችም። ከጥጉ አንድ ወንበር እየጎተተች አመጣችና ከአይናለም ፊት ለፊት፣ ከጉልበቷ አጠገብ ተቀመጠች። ያንን አቀማመጥ ቅድም ከራሷ ከአይናለም ነው ያየችው። ቃላቱን በአሜሪካ ምላስ እየሰበረች፣ አንድ በአንድ፣ ጠየቀቻት።

«እንቅልፍ… እንዴት ነው? ቤተሰብ? አንቺስ ግን አይናለም፣ እንዴት ነሽ?»

አይናለም በረጅሙ ተነፈሰች።

«ታየች የምትባል ሴትዮ ነበረች» አለች።